ከሰሉ ሲጠግብ

ባለቤቴ ከሽንት ቤት ዝቃጭ ከሰል ይሠራ ነበር። ቦንጋ ላይ ይህን ሥራ ይዞ ሳይሳቅበት የሚኖር ሰው የለም። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ "የዚያ ነገር ከሰል እሳት ይይዛል?" እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። የምናደደው እኔ ነበርኩ።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። የደረቀውን ዝቃጭ ከቀይ አፈር ጋር ለውሶ፣ አየር አሳጥቶ ያከስለዋል። ከዚያ በርሜል ይሞላና ከቤታችን የሚወጣው የልብስ እጣቢ በቱቦ ገብቶ በከሰሉ ውስጥ አልፎ እንዲወርድ ያደርጋል። ከግቢያችን በታች ያለው ኩሬ በሳሙናው ፎስፈረስ የተነሳ አረንጓዴ ለብሶ ይሸት ነበርና፣ የጎረቤታችን የእትዬ ላም እንኳ አሽትታው ትመለስ ነበር። ከሰሉ ፎስፈረሱን ያስቀራል፣ ውሃው ያልፋል። እያደር ኩሬው ጠራ።

የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ እኔ ነኝ። ከበርሜሉ ሥር የሚወርደውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ፣ ጓዳ ገብቼ ኬሚካል ጠብ አደርግበታለሁ። ፎስፈረስ ካለበት ሰማያዊ ይሆናል። እሱ በሩ ላይ ቆሞ "ጠገበ?" ይለኛል። "አልጠገበም" እለዋለሁ። ከሰል የሚችለውን ያህል ከያዘ ጠገበ ነው የምንለው፤ ያኔ ተዝቆ ለችግኝ ይሆናል፣ በርሜሉም በአዲስ ይሞላል።

ከዚያ ታመመ። በመጨረሻው ሰሞን ሾርባ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "ጠግቤያለሁ" ይለኛል፣ አንድ ማንኪያ እንኳ ሳይቀምስ። ያንን ቃል ጠላሁት። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ "ሳትጠግቢው" እያሉ ሲያለቅሱልኝ፣ እኔ ቃሉን አብሬያቸው አልደገምኩትም።

ቤቱን የበርሜሉ ጠብታ ወረሰው። ሲመሻሽ ጠብ፣ ጠብ ሲል፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ የሚያራግፍ ይመስለኛል። ስንት ጊዜ ተነስቼ በር ከፍቻለሁ። ጓዳ ውስጥ ብርጭቆውን ይዤ ስቆምም ከኋላዬ ሰው አለ። ዞር አልልም። "አልጠገበም" እለዋለሁ ጮክ ብዬ። የሰማ አበደች ይበል። ውሃው ሰማያዊ እስካልሆነ ድረስ እሱ ሥራ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ብርጭቆው ሰማያዊ ሆነ። ኬሚካሉ ጊዜው አልፎበት ይሆናል ብዬ አዲስ በጠበጥኩ። ባሰበት። ኩሬው ዳር ላይም አረንጓዴው መመለስ ጀምሮ ነበር። እንደዚያ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ከበሩ በኩል "ጠገበ?" የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስል እትዬ ናቸው፣ አካፋ ይዘው። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን ቆጥበው ይናገራሉ፤ ይቺን ቃል ደግሞ ከእሱ ነው የለመዷት። ላማቸው ውሃውን እምቢ ስላለች ሊጠይቁኝ መጥተው ኖሯል።

"ጠግቧል፣ እትዬ" አልኳቸው።

ወደ በርሜሉ ሄድን። የክዳኑን ዙሪያ እሱ በቀይ ጭቃ መርጎት ነበርና የጣቶቹ ዳና እንደታተመ ደርቋል። ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ዝናብ አልነካውም። ይህንን ሳያፈርሱ መክፈት አይቻልም። እትዬ አካፋቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። ጣቶቼን በጣቶቹ ዳና ውስጥ አስገባኋቸው። ጭቃው ተሰንጥቆ በእጄ ላይ ረገፈ።

"ሳልጠግብህ" አልኩት።