የጎደሉት ስምንት ሜጋባይቶች

የትምህርት ቤቱን አሥር ኮምፒውተሮች መጀመሪያ የከፈትኳቸው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ውሎ አበሉን ተቀብሎ፣ ክዳናቸውን እንኳ ሳያነሳ «ቫይረስ ነው» ብሎ የሄደ ሰው ነው። እኔ ብሎኑን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ የአይጥ ሽንት ግማት ፊቴን መታኝ። በአንደኛው ውስጥ አይጧ ከጓሳ ሣርና ከበግ ጠጉር ጎጆዋን ሠርታ፣ ወልዳበት፣ መጨረሻ ላይም ሞታበት ደርቃለች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ወደ ኋላ አለች።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት» አለችኝ። «የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊመጣ ነው። የማይሠሩ ከሆነ ጭኖ ይወስዳቸዋል። እነዚህ ከሄዱ ደግሞ ሌላ የሚሰጠን የለም።»

«በሁለት ሳምንት ይሠራሉ» አልኳት።

ይህን ያልኩት በባዶ ሜዳ አይደለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ ሬዲዮን ከሬዲዮ፣ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ኮምፒውተርንም ከኮምፒውተሩ ተማርኩ። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የከርነልን ኮድ መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። እስካሁን የመጣ የለም።

ካጸዳኋቸው በኋላ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን የፕሮግራም ስብስብ፣ ከሲዲ ጫንኩባቸው። አሥሩም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ሕመማቸውም አንድ ነበር። ሲበሩ ጥቂት መስመር ይጽፋሉ፤ ከዚያ የስክሪኑ አናት በቀይና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ይሞላና ድርቅ ይላሉ። ዛሬ አራቱ ቢነሱ ነገ አንዱ ነው የሚነሳው።

ነጠብጣቡን ያየ ሁሉ ስክሪኑ ተበላሸ ይላል። እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት ከርነሉ ላይ ነው። ከርነል የኮምፒውተሩ ዋና አዛዥ ፕሮግራም ነው። ሥራው ሲደላደል ለሌሎች ፕሮግራሞች ሜሞሪ የሚያድል ቋሚ አከፋፋይ አለው። ይሁን እንጂ ይህ አከፋፋይ ራሱ ሥራ ለመጀመር መዝገቡን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ያስፈልገዋል። እሱ ገና ሳይኖር ለእሱ ማን ይስጠው? ለዚህ ተብሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብቻ የሚሠራ ጊዜያዊ አከፋፋይ ተበጅቷል። በእጁ ያለው ሁለት ዝርዝር ነው፤ አንዱ ያለውን ሜሞሪ፣ ሌላው የተያዘውን ያሳያል። ካልተያዘው ከላይኛው ጫፍ እየቆረሰ ይሰጣል፤ ቋሚው ሲቆም አስረክቦት ይሄዳል። ምን ያህል ሜሞሪ እንዳለ የሚነግረው ደግሞ ፋብሪካው ቦርዱ ላይ ያስቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ያ ትንሽ ፕሮግራም ውሸታም ነበር። እነዚህ ኮምፒውተሮች ለስክሪኑ የተለየ ሜሞሪ የላቸውም፤ የምናየው ምስል ከመቶ ሃያ ስምንቱ ሜጋባይት የመጨረሻዎቹን ስምንት ይዞ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ግን ሁሉም ባዶ ነው ይላል። ጊዜያዊው አከፋፋይ ይህን አምኖ ከላይኛው ጫፍ ይቆርስና የከርነሉን ዋና መዝገብ ምስሉ ላይ ያስቀምጠዋል። መዝገቡ ምስሉን ያበላሻል፣ ምስሉም መዝገቡን። ይህን የደረስኩበት በዚያ ብርድ የበግ ጠጉር ባናዬን ተከናንቤ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ፣ አሥራ አንድ ቀን ለፍቼ ነው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ኮድ ነበር፤ ስምንቱን ሜጋባይት «የተያዘ» ብሎ ማስመዝገብ። መጀመሪያ ያስገባሁበት ቦታ ዘገየ፤ ጊዜያዊው አከፋፋይ ሰጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር የምከለክለው። ስህተቴን ማንም ሳይነግረኝ አገኘሁትና መስመሩን ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት አስቀደምኩት። አሥሩም ተነሱ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ተነሱ። እያንዳንዱን ሃያ ጊዜ ሞከርኩት። ርዕሰ መምህርቷ እልል አለች። እኔን አልገረመኝም።

ኮሚቴው በቀጠሮው ቀን ሦስት ሆኖ መጣ፤ የጭነት መኪናም አስከትሏል። ሁለቱ ከገቡ ጀምሮ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ገለባውን እፍ የሚሉት እኔ በጨርቅ የወለወልኩት የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ነው። የሚናገረው ወጣቱ የንብረት ኃላፊ ነበር። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ሰነዱን ይገልጣል፤ ያንኑ ጣት ስክሪኑ ላይ ያሳርፋል። እኔ ከኋላ ከኋላው በጨርቅ እጠርጋለሁ።

«እዚህ ላይ መቶ ሃያ ነው የሚለው» አለ። «ሰነዱ መቶ ሃያ ስምንት ነው። ስምንቱ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው።»

«ካለ ለምን አይታይም?»

«እሱን እኮ ነው የምታየው! ይህ ምስል የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው።»

«አባባ፣ እኔ የጠየቅሁት ምስል አይደለም። ሜጋባይት ነው።»

ከቆሎ ቆርጣሚዎቹ አንዱ «በአንዱ ስምንት ከሆነ በአሥሩ ሰማንያ ነው» አለ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይህችኑ ነው።

«ሰማንያ ሜጋባይት!» አለ ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ። «የመንግሥት ንብረት የከፈቱት እርስዎ ብቻ ነዎት። ወይ ይመልሱ፣ ወይ ጎደሎ ንብረት ብለን ዛሬውኑ ጭነን እንሄዳለን።»

ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሥዬ አስረዳሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ጊዜያዊው እንዴት ለቋሚው እንደሚያስረክብ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ይህ ጊዜያዊ የሚሉት ሰው ሲያስረክብ ፈርሟል?»

«ሰው አይደለም።»

«ሰው ካልሆነ እንዴት ያስረክባል?»

«አንተን ከማስረዳት አይጧን ማስረዳት ይቀለኝ ነበር» አልኩት። ርዕሰ መምህርቷ እግሬን ረገጠችኝና እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«ጋሼ፣ ገና ሲበራ፣ ከርነሉ ሳይነሳ የሚቆጥረው ቁጥር አለ አይደል? እሱ ሙሉውን ነው የሚያሳየው?»

«እሱማ ውሸታሙ ነው!»

«ውሸታሙን ያሳዩታ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራዎን እኔ አውቃለሁ። መኪናው ግን በር ላይ ቆሟል።»

ተመልሼ ገባሁና የመጀመሪያውን አጥፍቼ አበራሁት። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥሩ እየሮጠ ወጣና ቆመ። ኃላፊው አፍንጫውን ሊያስነካ ደርሶ አነበበ፦ 131072።

«መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ! ኧረ ከሰነዱም በልጧል!»

ያ በኪሎባይት ነው፣ መቶ ሃያ ስምንቱ ማለት ነው ልለው አፌን ስከፍት ርዕሰ መምህርቷ አየችኝ። ዘጋሁት።

«በቃ፣ ያጥፉት። ቀጣዩን።»

አሥሩንም እንዲሁ አበራሁ፣ አጠፋሁ። አንዱም እንዲነሳ አልተጠበቀም። በዓለም ላይ ስንት ሰው ሊሠራው እንደሚችል የማላውቀውን ሥራ ሠርቼ፣ ሥራው ከሚጀምርበት ቅጽበት በፊት እያጠፋሁ አስመረመርኩ።

ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አነበበልን። ኮምፒውተሮቹ ከመጀመሪያውም ምንም ዓይነት ብልሽት እንዳልነበረባቸው በቦታው ተረጋግጧል፤ ስለሆነም ባሉበት ይቀጥሉ ይላል።

«እማኝ ሆነው ይፈርሙ» አለኝ።

«ተበላሽተው ነበር፤ የጠገናቸውም ይኸው እማኝ ነው ብለህ ጨምርበት።»

«እሱን ካስገባን የጠጋኙ የሙያ ማረጋገጫ መያያዝ አለበት። አለዎት?»

አራተኛ ክፍል የጨረስኩበት ወረቀት እንኳ የለኝም።

«ከሌለ እንግዲህ ጉዳዩ ያድራል፤ ኮምፒውተሮቹም ለማጣሪያ ከእኛ ጋር ይሄዳሉ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ጫፉ በኃላፊው ጥርስ ታኝኮ ርሷል። በሕይወቴ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ራሴን እንዳልነበርኩ አድርጌ የፈረምኩት ግን ያን ብቻ ነው። ወረቀቱ ዛሬም ማህተም አርፎበት በማኅደር ተቀምጧል። ማንም ቢጠይቅ ሕጋዊው መልስ እሱ ነው፤ አሥር ጤነኛ ኮምፒውተሮች፣ አንድ እማኝ ሽማግሌ።

መኪናው ባዶውን እየተንገጫገጨ ከግቢው ወጣ። ርዕሰ መምህርቷ ትከሻዬን ይዛ «ተረፉልን እኮ፣ ጋሼ!» ትላለች። አዎ፣ ተርፈዋል። እኔ ግን አጥሩ ጥግ ሄጄ ምራቄ እስኪደርቅ ተፋሁ።