በቆቦ ሜዳ የኋላው ቦታ

ከቆቦ የወጣሁ ዕለት፣ የአሰቡ ሎሪ ምሽት ላይ እስኪነሳ ድረስ የገና ቡድናችን ደጋፊዎች ሲከራከሩ እየሰማሁ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው እዚያ ለቀራችሁትም፣ እንደኔ ባሕር ተሻግራችሁ ለምትኖሩትም ነውና ከክርክሩ ልጀምር። ሌላ ስንብት አልነበረኝም።

ዝናቡ ከቀረ ወዲህ የሜዳው ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። ከጎብዬም ከዋጃም የመጣ ሰው የእርዳታ እህል እየጠበቀ በአስፋልቱ ዳር ተደርድሮ ይውላል። እኛ ግን ከገበያው በላይ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠን ስለ ኋላ መስመራችን እንነጋገር ነበር። በኛ አገር ገናን ክርስቲያኑም እስላሙም ይጫወታል፤ የሚያስፈልገው ቆልማማ ዱላና ሩር የምንላት የእንጨት ኳስ ብቻ ነው። አምና የዋጃ ልጆች ሩሯን በኋላችን እንደልባቸው እየነዱ አሳፍረውናል።

ዱላዎቻችን የሚሰቀሉት አባ ይማም ቤት ነው። አባ ይማም ጉልበታቸው እስኪከዳቸው የተጫወቱ፣ አሁን ቡድኑን የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሕግ አላቸው። ዱላህ ከግድግዳቸው ላይ እስካለ ድረስ ቦታህ ያንተ ነው። ለሌላ የምትሰጠው አንተው በራስህ አፍ ነው፤ ያም ዳግም እንደማትጫወት ስታውቅ ነው።

«ፊት ማን ይሁን?» አሉ አባ ይማም።

«አሊ» አለ ደምሴ። ከደጋፊው ሁሉ አፈኛ እሱ ነው።

«አሊ ሁመራ ወርዶ የለም እንዴ?»

«እስከ ገና ይመለሳል። ባይመለስም አይጎዳንም፤ አምናም ቆሞ ነበር እንጂ አልተጫወተም።»

ሰው ሳቀ። የካሳ ስም ሲነሳ ግን የሳቀ የለም። ካሳ ከነልጆቹ መጠለያ ገብቷል። «እስከ ገና ያገግማል» አሉ፤ ቦታው ተያዘለት። እንዲህ እንዲህ እያልን ከሄዱት አንዱንም ሳናወጣ ቡድኑን ሞላነው።

«ኋላስ?»

«ሁሴንና ሰይድ ናቸዋ» አለ ደምሴ። ሁሴን ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሰይድ እኔ። «ሁሴን ግን ቀጥኗል፣ አባ። የዋጃው ጎረምሳ በትንፋሹ ይጥለዋል።»

«ቀጥኜ አያየኝም» አለ ሁሴን። «ሳያየኝ እቀማዋለሁ።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «እኔ ዛሬ ማታ እሄዳለሁ። የአሰብ ሎሪ አግኝቻለሁ።»

ደምሴ በእንጨት መሬቱን ይጭር ጀመር። አባ ይማም፣ «አብሽር፣ እስከ ገና ትመለሳለህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «ኋላ በግራ ሁሴን፣ በቀኝ ሰይድ። ቀጥሉ።» እነሱም ቀጠሉ።

እስከ ሎሪው የሸኘኝ ሁሴን ነው። እናታችን ሩቅ መንገድ አትችልም፤ ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ነበረብን። ጭነቱ ላይ ከወጣሁ በኋላ ከታች ሆኖ፣ «አንተ ሩሯ እጅህ ስትገባ ትቸኩላለህ» አለኝ። «ቀና ብለህ እይ መጀመሪያ። ማን ብቻውን እንደቆመ እይ።» ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሎሪው ተነሳ።

ከአሰብ በጀልባ ተሻግሬ ብዙ ተንከራትቼ ጅዳ ገባሁ። የባሕሩን ነገር የተሻገረ ያውቀዋል፤ ያልተሻገረ እንዲያውቀው አልፈልግም። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ሊሰጠኝ የተቀመጠው ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከቆቦ።»

«ቆቦ የት ነው?»

«ከጎብዬ አልፎ፣ ዋጃ ሳይደርስ።»

ሹሙ አስተርጓሚውን አየው። አስተርጓሚውም «ሐበሻ ነኝ ይላል» አለው። አገሬ በዚህ አለቀች።

ቤት ያከራየኝ ሰውዬ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለች ክፍል አሳየኝ። «ውሃ አላት?» ብዬ ብጠይቀው በመስኮቱ ባሕሩን አሳየኝ።

የቆቦ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ጥላ ስታገኝ ይለቅሃል። የዚህ ሙቀት ግን እንደ እርጥብ ቡልኮ ጥላም ውስጥ አይለይህም። ሩዙ ሞልቷል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሳህኑን ጨርሼ አላውቅም፤ ያን ያህል ምግብ በአንድ ሰው ፊት ሲቀርብ ማየት ያስፈራኝ ነበር። የደጋሊት ማሽላ እንጀራ አማረኝ ብል የሚገባው ሰው በሕንፃው ሥራ ላይ አልነበረም። ሠራተኞቹ ሁሉ ፓኪስታናውያን ናቸው። ለወራት የማውቀው የሰው ቋንቋ «ሲሚንቶ አምጣ» ብቻ ሆነ።

አንድ ዓርብ ከግንባታው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ቆልማማ ዱላ ይዘው ሲሯሯጡ አየኋቸው። ቆሜ ቀረሁ። ሆኪ ይሉታል። ዱላው ከኛ ያጥራል፣ አንደኛው ጎኑም ጠፍጣፋ ነው፤ ሩጫው ግን ያው ነው። በየዓርቡ ይሸነፋሉ። ሲሸነፉም ሻሂ ከበው ይከራከራሉ፣ ያውም እንደኛው ስለ ኋላ መስመራቸው። አብሮኝ ሲሚንቶ የሚያቦካው ራሺድ በተሰባበረ ዓረብኛ ይተረጉምልኛል።

«ካሪም ይውጣ ነው የሚሉት» አለኝ። «ኋላችን ወንፊት ሆነ።»

ካሪም እዚያው ከመካከላቸው ተቀምጦ ሻሂውን እየጠጣ ነበር። ፊት ለፊቱ ከቡድኑ ሲያወጡት አልከፋውም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት።

«አንተ ዱላ አያያዝ ታውቃለህ፣ ዓይንህ ይናገራል» አለኝ ራሺድ። «ኋላ ቁምልን።»

«ቦታ አለኝ።»

«የት?»

«ቆቦ።»

«መቼ ነው የምትጫወተው?»

«ለገና።»

«መቼ ነው ገና?»

«አልፏል» አልኩት። ራሺድ ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ከሐጅ የሚመለስ የወልድያ ሰው አገኘሁና ቃል ላክሁ፤ አባ ይማም በተቀጠረው ቀን ቆቦ ስልክ ቤት እንዲጠብቁኝ። ሁሴንን እንዲያመጡትም አስነገርኩ። ቀኑ ሲደርስ በስንት መከራ መስመሩ ገባ። የአባ ይማም ድምፅ እንደ ነፋስ ይሄዳል ይመጣል።

«እናትህ ደህና ናት፤ እህቷ ዘንድ ጎብዬ ናት። ዘንድሮ ዘንቧል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ሁሴን አብሮዎት አለ?»

«ሁሴን ዱላውን ላንተ ሰጥቷል» አሉ። «በራሱ አፍ ነው የሰጠው፣ እኔ ራስጌው ተቀምጬ። ያልዘነበ ዕለት አልነበረም ያን ሰሞን። ዝናቡን ሰምቷል፣ የኔ ልጅ። ሰምቶ ነው የሄደ።»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰው የስልክ ክፍሉን መስታወት አንኳኳ።

«ሰይድ፣ አለህ?»

«አለሁ፣ አባ።»

«ልጆቹ ኋላ የሚቆም የለም እያሉ ያስቸግሩኛል። ደምሴ እንኳ መከራከር ትቷል። የሁሴንስ እሺ። ያንተንም ዱላ ለማን ልስጠው?»

አንድ ስም ብጠራ ያልቅ ነበር። የሜዳውን ልጆች ፊት በየተራ አሰብኩ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው። መስታወቱ እንደገና ተንኳኳ።

«አይንኩት» አልኩ። «እስከ ገና እመለሳለሁ።»

«እሺ። እስከ ገና» አሉ አባ ይማም።

የትኛው ገና እንደሆነ አልጠየቁኝም።