አትቆፍሩ ያልኳቸው ቦይ

በደርግ ጊዜ ከናዝሬት ወደ ታች፣ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የከተማዋን ስም ልተወው፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ታይፕ የተማርኩት ናዝሬት ነው፤ ፈጣን ነበርኩ፣ በፍጥነቴም እኮራ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የምመታው ግን አንድ ደብዳቤ ነበር ማለት ይቻላል። ቀኑን እቀይራለሁ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መኖሪያ ቤቶችን ስለሚያሰጋ ለመከላከያ ቦይ የተያዘው በጀት በአስቸኳይ እንዲለቀቅልን። «በአስቸኳይ» የምትለዋን ቃል ዓይኔን ጨፍኜ እመታት ነበር።

ደብዳቤው ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ተፈቀደ የተባለው በጀት ጥርም ላይ አይመጣም፣ መጋቢትም ላይ አይመጣም፤ ሲመጣም ተሸራርፎ ነው። ሰኔ ሠላሳ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ያልቅና ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ዓመት ሙሉ አስጠብቀውን በጥቂት ሳምንት ጨርሱ ይሉናል። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በጎርፉ መውረጃ ዳር አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በጉልምስናቸው የመንገድ ሥራ ካቦ ነበሩ፤ ብዙ ሠራተኛ አዘዋል፣ መሬቱን በዓይናቸው አይተው ውኃው በየት በኩል እንደሚሄድ ይናገራሉ። ባለቤታቸው የጓሯቸውን ቲማቲምና ቃሪያ ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። በቢሮዬ በኩል ሲያልፉ ጠረጴዛዬ ላይ እፍኝ ቃሪያ ጣል ሳያደርጉ አይሄዱም። ልክፈል ስል «አንቺ መጀመሪያ ቦያችንን አምጪልን» ብለው ይስቁብኛል።

ሽማግሌው በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጡ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ይሉኝ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ? ገንዘቡ መጣ?»

«በዚህ ሳምንት ይደርሳል ብለዋል፣ አባባ።»

«ያለፈው ሐሙስም ይሄንኑ ብለሽኛል።»

ጥር ላይ ግን ብቻቸውን አልመጡም። የሰፈራቸውን ሰዎች አስከትለው ገቡ። የቀበሌው የእሑድ ዘመቻ ለቦዩ እንዲሆንላቸው ፈለጉ። «ዶማው አለን፣ ጉልበቱም አለን» አሉ። «በአምስት እሑድ እንጨርሰዋለን። ድንጋይ ባይለብስም ውኃውን ወደ ሜዳው ያዞረዋል።»

የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። አለቃዬ እንኳ አላዘዘኝም፤ በኋላ ሰምቶ «ደግ አደረግሽ» አለኝ እንጂ። አንዲት ጎረቤት ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ድልድይ በራሱ ቢሠራ፣ ከላይ «ሥራው ተጠናቋል» ተብሎ በጀቱ ተሰረዘ ሲባል ሰምቼ ነበር። ያንን ይዤ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆምኩ። «አንድ ክንድ ብትቆፍሩ አዲስ አበባ ያሉት ሕዝቡ ራሱን ችሏል ብለው ገንዘቡን ይሰርዙታል» አልኩ። «በድንጋይ የተገነባ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቦይ እየመጣ ጭቃ ምን ያስቆፍራችኋል? ትንሽ ታገሡ።» ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ሽማግሌው ብቻ አላጨበጨቡም። ሲወጡ ግን ትከሻዬን ነካ አድርገው «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

ጎርፉ የመጣው ሚያዝያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ሽማግሌው እኔ ዘንድ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከተማው ውስጥ ጠብ አላለም፤ ዝናቡ የጣለው ኮረብታው ላይ ነው። የጭነት መኪና የሚመስል ድምፅ ስንሰማ እኔ መኪና ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። እርሳቸው ግን «ውኃ ነው» ብለው ተነሡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አየኋቸው። ተከትያቸው ስደርስ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ውኃ ይጋልባል። ባለቤታቸው ከጎረቤት ጋር ወጥተው ነበር፤ የታሰረችውን ፍየል ልፍታ ብለው ተመለሱ አሉን። በማግስቱ ታች ሜዳው ላይ ተገኙ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ማንም አልወቀሰኝም። ያ ነው አንጀቴን የቆረጠው፤ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በጀቱ ሰኔ ገብቶ መጣ። ከጠየቅነው ግማሽ አይሞላም፤ ለድንጋይና ለሲሚንቶ አይበቃም፣ ለቀን ሠራተኛ ግን ይበቃል። አለቃዬ ከእርሳቸው ሌላ መሬቱን የሚያውቅ ሰው አጥቶ ሽማግሌውን ካቦ ይሁኑልን ብሎ ላከባቸው። እምቢ ይላሉ ብለን ነበር፤ ዶማቸውን ይዘው መጡ። እስከ ሰኔ መጨረሻ በዝናብ ውስጥ አስቆፈሩ። የወጣው ቦይ ድንጋይ ያልለበሰ የጭቃ ቦይ ነበር፤ በአምስት እሑድ እንጨርሰዋለን ያሉት ያው ቦይ።

በመጨረሻው ቀን ክፍያቸውን ሊወስዱ ቢሮዬ ገቡ። መዝገቡ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ሲያበቁ አልሄዱም።

«ኢንታላ ኮ፣ ያኔ ቆፍረነው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ እውነት ይሰረዝ ነበር?»

አላውቅም ነበር። የዚያችን ጎረቤት ከተማ ወሬ ማን እንደነገረኝ እንኳ አላስታውስም፤ እውነት ይሁን ሐሰት ለማጣራት አንድ ቀን ስልክ አልደወልኩም። ይህን ብነግራቸው ግን ምን መጽናኛ ይዘው ይገባሉ?

«አዎ፣ አባባ» አልኩ። «ይሰረዝ ነበር።»

«እንግዲያው ደህና» አሉና ጣታቸው ላይ የቀረውን ቀለም በኮታቸው ጠርገው ወጡ።