የሚጡ አንቱታ

ጎሚስታው ስለ ልጆቹ ማውራት ከጀመረ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ረስቶ ይቀመጣል። ሰውየው ወሬ ያውቅበታል። ደግሞም ልምዱ አለው። ሚስቱ ነርስ ናት፤ የማደንዘዣ ሙያ ልትማር አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚሄድበት ከተማ ከገባች ወዲህ፣ የልጆቹን ውሎ በየቀኑ በድምፅ ቀድቶ የሚልክላት እሱ ነው። አመሻሽ ላይ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋና፣ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጥቁረቱ ግን እንደማይለቅ ያውቃል። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አፉ ሥር ያስጠጋል።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር! እንዴት ዋሉ? ምሳ በልተዋል?» ብሎ ይጀምራል።

ዶክተር እንዳልሆነች እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ቀልዱ የተጀመረው መናኸሪያ ነው። የዚያን ቀን ልጆቹን ጥላ መሄዱ አንጀቷን በልቷት፣ አንድ እግሯ አውቶቡሱ ላይ፣ አንድ እግሯ መሬት ላይ ሆኖ ታለቅሳለች። እሱ ሻንጣዋን አንስቶ ጎንበስ አለና «ከእንግዲህ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አንቺ አንልዎትም። ይግቡ፣ መቀመጫዎ በመስኮት በኩል ነው» አላት። ሳቀች። በዚያ ሳቅ ውስጥ ሁለተኛዋም እግር ተሳፈረች። እሱ ደግሞ አንዴ ያሳቀ ቀልድ አግኝቶ የሚጥል ሰው አይደለም፤ ስምንት ወር ሙሉ አንቱ ሲላት ከረመ።

ዜናው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ የሚቀርበው የትልቁ ነው፤ አምስት ዓመቱ ሲሆን፣ መከራከር ስለሚወድ ጠበቃው ይሉታል። «ጠበቃው ዛሬ ምሳውን ጠዋት በልቶ ጨረሰ። መምህሯ ብትቆጣው፣ ‹ምሳው የኔ ከሆነ ሰዓቱንም የምወስነው እኔ ነኝ› ብሏታል። እኔ በበኩሌ መልስ አጥቼለታለሁ፤ እርስዎ ካለዎት ይላኩልኝ።» ቀጥሎ የሚጡ ተራ ይሆናል። ሚጡ እናቷ ስትሄድ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ አፏንም በቅጡ አልፈታችም ነበር። «ሚጡ ጫማዋን ቀኙን ለግራ፣ ግራውን ለቀኝ አድርጋ ስትሄድ ዋለች። ላስተካክልልሽ ብላት ‹የኔ እግር!› ብላ ጮኸችብኝ። ምግብ ጥሩ በልተዋል። ማካሮኒው ትንሽ ጠበስ ብሎ ነበር።»

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት እንደሚባለው፣ ሐሳቡን የምትጨምረው ሚስቱ ነች። ጠበስ ማለት አሯል ማለት እንደሆነ፣ «ትንሽ ሳል ቢጤ» ማለት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም ማለት እንደሆነ ገብቷታል። መልስ ስትልክ መጀመሪያ ትስቃለች፤ ቀጥላ ትጠይቃለች። እሱም ሳቋን ለልጆቹ ደጋግሞ ያሰማቸዋል።

ቀን ቀን ሚጡን የምትይዝለት አጠገቡ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ናት። በዕድሜ ጠና ያለች፣ ቁም ነገረኛ ሴት ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። ሚጡ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ትውላለች፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እትዬ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ስትል ትሰማለች። ማታ አባቷ ስልኩን ይዞ «እንዴት ዋሉ?» ሲል ትሰማለች። ልጅ የሚሰማውን ነው የሚያወጣው፤ ሌላ ከየት ያመጣል?

አንድ አመሻሽ ስልኩ ሲጮህ ሚጡ ቀድማ ደረሰችና፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ እንዴት ዋሉ?» አለች።

ጎሚስታው ሳቁ እስኪያንቀው ሳቀ። «ሰሙ ዶክተር? ልጅዎ ጨዋ ሆናለች! ማንም እንዲህ በይ ብሎ አላስተማራትም።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ አልመጣም። «እኔን ነው እርስዎ የምትለኝ?»

«ታዲያስ! እኔንማ ‹አንተ፣ ና!› ነው የምትለኝ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት።»

«ልጆቹ በሉ?» አለች ሚስቱ፤ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም።

ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ጎማ ከድምፁ አይታወቅም፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን መጠበቅ ይጠይቃል። ይህን ለደንበኞቹ ሁሉ የሚያስተምር ሰው፣ የሚስቱ ድምፅ ሲቀንስ ግን «ደክሟት ነው» ብሎ አለፈው።

እትዬ ግን አላለፈችውም። «ስማ፣ ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል» አለችው መርፌዋን ከአፏ አውጥታ። «ልጅቷ እናቷን እንደ ደንበኛ ነው የምታያት።»

«እትዬ ደግሞ! ሲያካብዱ! እናቷ ትምጣ እንጂ በአንድ ቀን ትለምዳታለች። እናት እኮ ናት!»

በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜም ይሳካለታል።

ሚስቱ ትምህርቱን ጨርሳ፣ እዚያው ሰፈራቸው አጠገብ ባለው ሆስፒታል ሥራ አግኝታ፣ መንገድ ላይ አድራ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረሰች። ጠበቃው ገና ከሩቅ አይቷት እየጮኸ በረረና አንገቷ ላይ ተሰቀለ። ሚጡ በእትዬ ሱቅ በር ላይ፣ ትንሿ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናት ሻንጣውን መሬት ላይ ጥላ፣ ተንበርክካ ሁለት እጇን ዘረጋች። «ሚጡዬ! የኔ እናት!»

ሚጡ አየቻት። ድምፁን ታውቀዋለች፤ ሴትዮዋን ግን አታውቃትም። ተነስታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ወዲያው ጨዋነቷ ትዝ አላት። በርጩማዋን በሁለት እጇ እየጎተተች አምጥታ እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ይግቡ። ይቀመቱ።»

እትዬ አፏን በሜትሯ ሸፈነች። ጎሚስታው ሊስቅ ጀምሮ የሚስቱን ፊት ሲያይ ክው አለ። እሷ ግን ሴት ወይዘሮ ናት፤ ልጇ ያመጣችላትን መቀመጫ አልገፋችም። ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ቢሆንም በርጩማው ላይ ተቀመጠችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ማድቤት ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር ያወጣችው። «እንግዳ አደረግኸኝ። በገዛ ቤቴ።»

«ኧረ ዶክተር—»

«ቀልድ እንዳትጀምር። ስምንት ወር ስቄልሃለሁ። አንተን ለማስደሰት ስስቅ ልጄ ከእጄ ወጣች። አሁን እሷን ካላገኘሁ ትምህርቱ ምን ያደርግልኛል?» እንባዋ ድንቹ ላይ ተንጠባጠበ። ጎሚስታው ቢላዋውን ከእጇ ወስዶ የቀረውን ድንች ላጠ።

ቢሆንም ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። «ቀዳዳው የት እንዳለ ካወቅሁ መድፈን ምን አለው?» አለና ማግስቱን ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ራሱን ማረም ነበረበት፤ ምላሱ ግን ለምዶ «ዶክተር፣ ይም... ነይ!» ይላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቀጥሎ ሚጡን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ማስተማር ያዘ።

«ሚጡ፣ እማዬን ‹አንቺ› በያት። ‹አንቺ ብዪ› በያት።»

ሚጡ እናቷን አየት አደረገችና ቃሉን እንደታዘዘችው ጨመረች። «አንቺ ይብሉ።»

ጠበቃው ጠረጴዛውን መታ። «አባዬ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው! አንተ አስተምረሃት እሷን ለምን ታርማታለህ?»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። በራሴ ነው።»

እናት ከረሜላ አመጣች። አሻንጉሊት አመጣች። ሚጡ የጠየቀችውን ሁሉ እሺ፣ የደፋችውን ሁሉ ምንም አይደል፤ ከአፏ ከ«የኔ ቆንጆ»፣ ከ«የኔ እመቤት» በቀር አይወጣም። ሚጡም ሁሉንም በሁለት እጇ እየተቀበለች «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ከጨዋነቷ አንድም አልጎደለባት።

የከፋው ሐሙስ ቀን ነው። ሚጡ መኖሪያውና ጎሚስታ ቤቱ በሚጋሩት ግቢ ስትሮጥ የኮምፕሬሰሩ የአየር ቱቦ ጠልፎ ጣላት፤ ጉልበቷ ተላጠ። እናት ቅርቧ ነበረች፤ እጇን ዘርግታ «እኔን!» ብላ ደረሰች። ሚጡ እያለቀሰች ተነሳች፣ የተዘረጋውን እጅ እንደ ምሰሶ ዞራ አለፈችውና፣ እስከ ክርኑ የጠቆረው አባቷ ላይ ተለጠፈች። ጎሚስታው ልጁን አቅፎ ሚስቱን አየ። ነርሷ የስንቱን ቁስል ያጠበች እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ወደ ቤት ገባች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከልቡ የገባው፤ አፈረም፣ ፈራም።

«አስተምራታለሁ ብለህ አትድከም» አለችው እትዬ በማግስቱ። «እኔ የማየው ሁለት እንግዶች ነው። አንዷ ሌላዋን ስታስተናግድ።»

ጎሚስታው ይህን ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ሲያስብ ዋለ። መናገር ግን አላስፈለገውም።

ቅዳሜ የጭነት መኪና በክሪክ አንስቶ፣ ሥሩ ተንበርክኮ ጎማ እየፈታ ሳለ፣ ሚጡ ከኋላው ግራሶ፣ ጥቁሩ የመኪና ቅባት፣ ያለበት ቆርቆሮ አገኘች። እናቷ ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን ቅባት ስትቀባ አይታለች። እፍኝ ሙሉ ዘገነችና ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አሸችው። የቀረውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከዚያ ውበቷን ልታሳይ ወደ ቤት ገባች፤ መንገዷን ገመድ ላይ በተሰጣው ንጹሕ አንሶላ በኩል አድርጋ።

«አንቺ ልጅ!»

ጎሚስታው የሚስቱን ጩኸት ከመኪናው ሥር ሰማው። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ አልወጣም።

«ምን አባሽ ሆነሽ ነው? ኧረ ጉድ! ነይ ወዲህ! ነይ አልኩሽ!»

ሮጦ ሲደርስ ሚጡ ሳፋው ውስጥ ናት፤ እናቷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በአንድ እጇ ክንዷን ጨብጣ፣ በሌላው ሳሙና ታሻታለች። ግራሶው ከመልቀቅ ይልቅ ይበልጥ ይንሰራፋል።

«በሳሙና ብቻ አይለቅም! መጀመሪያ የምግብ ዘይት!» አለ ከበሩ፣ ከገመዱ ላይ ፎጣ እየመነጨቀ።

«ታዲያ አምጣዋ! ቆመህ ታስተምረኛለህ እንዴ?»

አመጣ። እናት ዘይቱን አፍስሳ፣ አሽታ፣ እንደገና በሳሙና ያዘች። ለስላሳ እጅ አልነበረም። የቆንጆና የእመቤት ነገር ቀርቶ፣ ጊዜ የሌላት፣ አንሶላዋ የተበላሸባት፣ የተናደደች እናት እጅ ነበር። ሚጡ ተወራጨች፣ ጮኸች፣ ውኃውን ረጨች፣ በመጨረሻም አፏን ሞልታ፦

«ልቀቂኝ! አንቺ! ልቀቂኝ!»

እናት እጇ ጸጉሩ ላይ እንዳለ ቀረ። «ምን አልሽኝ?»

ይህን ጥያቄ የማያውቅ ልጅ የለም፤ መልሱ ዝም ማለት እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ጠበቃው በሩ ላይ ሆኖ «ሚጡ፣ ዝም በይ» ሲል በሹክሹክታ መከራት። ሚጡ ግን ተናዳለች።

«አንቺ! አንቺ ነሽ! መጥፎ ነሽ!»

«እሰይ!» አለች እናት። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች። «እሰይ፣ የኔ ባለጌ! ድገሚው እስቲ!» ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም፤ የትኛው እንደሚበዛ አይታወቅም።

«ተሰድባ ትስቃለች እንዴ?» አለ ጠበቃው ግራ ገብቶት።

ጎሚስታው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት የሳሙናው አረፋ ወርዶ ሚጡ ዓይን ውስጥ ገባ። ልጅቷ እሪ አለች። እሱ ስምንት ወር እንደለመደው ፎጣውን ዘርግቶ ጎንበስ አለ። «ነይ ወደ አባዬ፣ ነይ የኔ ልጅ።»

ሚጡ ወደ ድምፁ አልዞረችም። ዓይኗን እንደጨፈነች በሁለት እጇ አየሩን ዳበሰች፣ የእናቷን አንገት አገኘች፣ ዘይትና ሳሙና የሆነውን ጭንቅላቷን እዚያ ወሸቀችው።

«እማዬ፣ አቃጠልሽኝ» እያለች ላቃጠለቻት ለእሷው ከሰሰች።

«አቃጠልኩሽ፣ የኔ ሆድ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩሽ» እያለች እናት ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛታለች።

ጎሚስታው የተዘረጋ ፎጣ ይዞ ቆሞ ቀረ። ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅናትም ነበረበት፣ ግን ማንም አላየበትም።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው ሚስቱ ቀና ሳትል። «ፎጣውን ስጠኝና በሩን ዝጋው፤ ልጄን ብርድ እንዳይመታት።»