ከቀዩ ብርሃን ማዶ

አቻን ጋምቤላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር በጀመረችበት በ1975 ዓ.ም. ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ የጦርነት ወሬ ያዳምጥ ነበር፤ እሷን የማረካት ግን ሌላ ወሬ ነው። ሙቀትን የሚያይ ቴሌስኮፕ ከምድር በላይ መዞር ጀምሯል ተባለ። በጋዝና በአቧራ ደመና ውስጥ በአንድነት የሚወለዱ ወጣት ከዋክብት አሉ፤ አቧራው ከዓይን ቢጋርዳቸውም ሙቀታቸው በማይታይ ብርሃን አልፎ ይወጣል። ገና ከመወለዳቸውም ዙሪያቸውን የከበበውን ጋዝ በኃይል እየገፉ ወደ ውጭ ያስወጡታል።

ይህንኑ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ብታወራ ኛቦል የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዓይን ካላየው ብርሃን ነው የሚባለው እንዴት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። አቻን የመጽሐፉን መልስ ታውቀዋለች፤ ግን ማሳየት ፈለገች። ለዚያ ደግሞ ብርሃን የሚበትን ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ የለውም። እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአባቷ መነጽር ውስጥ ነበር።

አባቷ ኦባንግ በወጣትነታቸው ባሮ ላይ የመርከብ ጭነት ያወርዱ ነበር። የመጨረሻው መርከበኛ ሲሄድ ሩቅ የሚያሳይ መነጽሩን ትቶላቸው ሄደ። ከመነጽሩ ሁለት ዓይኖች አንደኛው ታውሯል። ቢሆንም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዙ ዳር ተቀምጠው በደህናው ዓይኑ ይመለከታሉ።

«አባባ፣ ከታወረው ወገን መስታወቱን ባወጣው? ለተማሪዎቼ የማይታይ ብርሃን ላሳያቸው ነው።»

«የማይታየውን ለማሳየት የሚታየውን ልትሰብሪብኝ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አቻን አልደገመችም። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ግን ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የመነጽሩን ብሎን ሲፈቱ አገኘቻቸው።

«እኔም ካላየሁ አልሰጥም» አሏት።

ቴርሞሜትሮቹን ያዋሳት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የአየር ጠባይ የሚመዘግበው ጎርደን ነው። «ከሰበርሽብኝ የነገን ዝናብ አንቺ ትነግሪልኛለሽ» አላት።

ሰኞ ረፋድ የክፍሉን መስኮቶች በጆንያ ሸፈኑ። በአንዲት ቀዳዳ የገባው የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ነጭ ወረቀት ላይ ቀስተ ደመና ሆነ። አቻን ጫፉ በጥላሸት የጠቆረውን ቴርሞሜትር ቀዩ ላይ አደረገችው፤ ሜርኩሪው ከፍ አለ። ከዚያ ከቀዩ አልፋ ምንም ወደማይታይበት ቦታ ወሰደችው። ጥላው ውስጥ የተቀመጠው ሁለተኛው ቴርሞሜትር ንቅንቅ አላለም፤ ይሄኛው ግን መውጣቱን ቀጠለ።

«ወጣ! ኧረ ወጣ!» ኛቦል ጮኸች።

ኦባንግ ከተማሪዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫጫታው በርዶ አቻን ስለ ወጣቶቹ ከዋክብት እንደገና ስታስረዳ ሰሙና «ልጄ፣ እነዚያ ኮከቦች ጋዙን ካባረሩት በምን ያድጋሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ሁሉንም አያባርሩትም ይላሉ። ምን ያህሉ እንደሚቀር ግን ገና አልታወቀም።»

«ካልታወቀማ ሂጂና ተማሪው።»

አቻን የውጭ ትምህርት ዕድል መጥቶላት ነበር፤ እኚህን ሰው ብቻቸውን እንዴት ትቼ ብላ ለማንም ሳትናገር ትታዋለች። አሁን በአፋቸው አሰናበቷት። በተከታዩ ዓመት ተወዳድራ ሶቪየት ኅብረት ሄደች፤ ቋንቋውን ተማረች፣ ብርዱን ቻለች። በመጨረሻም ተራራ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ ከአንድ ወጣት የከዋክብት መንጋ በሁለት አቅጣጫ የሚፈተለክ ጋዝ ለካች። ከአለቆቿ ሥራ ጎን ትንሽ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ያን ቀን እንጀራም ውሃም አላሰኛት።

በ1982 ዓ.ም. ተመልሳ መምህራንን ማሠልጠን ጀመረች። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ያየችውን እንድትነግራቸው ለመኗት። በአኙዋክኛ ስትናገር አንዱ ወደ ኑዌርኛ፣ ሌላው ወደ አማርኛ ይመልሳል። ጋዝን ምን እንበለው በሚለው ላይ ግን ክርክር ተነሣ፤ አንዱ ጭስ ይሁን አለ፣ አንዷ ትንፋሽ፣ ሌላው የሚነድ ጉም። ጣሪያውን የሚደበድበው ዝናብ ድምፃቸውን ቢውጠው እንኳ ተጠጋግተው መከራከሩን ቀጠሉ፤ አቻን መካከላቸው ቆማ ትስቅ ነበር።