ቧንቧ የደረቀበት ክረምት

ሰቆጣ የተመደብኩት ነርስ ሆኜ ነው። ከጎጃም ስመጣ ቤት ያከራዩኝ እማሆይ የቄስ ሚስት ሆነው ኖረው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የመነኮሱ ሴት ነበሩ። ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እኔንም ከልጃቸው ሳይለዩ ይቆጡኝ ነበር፤ ሳልበላ ወደ ሥራ ከወጣሁ እስከ አጥሩ በር ይከተሉኛል።

በዚያ ክረምት መግቢያ መብራቱ ሄድ መጣ ሲል የከተማውን የውሃ ፓምፕ አቃጠለው። መለዋወጫ ይመጣል ተባለ፤ መንገድ ተዘጋና ቀረ። ቧንቧው ሲከፈት አየር ነፍቶ ዝም ይላል። በአህያ የሚመጣው ውሃ ለሰው ሁሉ አልዳረስ አለ። ከቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ ደግሞ የእርግብ ኩስ አለበት ብለን ለልብስ ብቻ አደረግነው።

እማሆይ አልተጨነቁም። ባለቤታቸው ቧንቧ ሳይገባ ያስቆፈሩት ጉድጓድ ግቢው ጥግ ነበር፤ ክዳኑን አስነሥተው መቅዳት ጀመሩ። ለጎረቤትም ሰጡ። ከጉድጓዱ ሽቅብ፣ ዳገቱ ላይ ግን አዲስ ፎቅ ተሠርቷል። ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ከጠፋ ቆይቶ የፎቁ ሽንት ቤት ሞልቷል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጥቁር ውሃ በአጥራችን ሥር ይወርዳል።

«እማሆይ፣ እዚህ ውሃ ውስጥ ሽንት ቤት ሳይገባበት አልቀረም። አፍልተው ይጠጡ እንጂ።»

«ስንጠጣው ኖረናል እኮ ልጄ። የፈላ ውሃ ጥም አይቆርጥም።»

«ያኔ ፎቁ አልነበረም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና ገመዱን ሳቡ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጃቸው ጤና ጣቢያ ድረስ እየሮጠች መጣች። «እማዬን ያስቀምጣታል፤ መቆም አቅቷታል!» በባጃጅ አመጣናቸው። ክፍሉ በተመሳሳይ ሕመም በመጡ ሰዎች ተሞልቷል። ሽንት ቤቱ ስለሞላ ተቆልፏል፤ ሕመምተኛው ሁሉ በባልዲ ነው የሚጠቀመው። ግሉኮስ ልሰካላቸው ስል ደም ሥራቸው ጠፍቶብኝ ስንት ጊዜ ወጋኋቸው። መጨረሻ ላይ መርፌው ገባልኝ። ውሃ ስለሌለ በግሉኮስ ትራፊ እጄን ታጥቤ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

ወደ ማምሻው እማሆይ አማርኛውን ትተው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ብቻ መናገር ጀመሩ። አንድ ቃል ይደጋግማሉ።

«ምን እያሉ ነው?»

«ውሃ ነው የምትለው» አለች ልጃቸው።

በማንኪያ ሰጠኋቸው፤ አልቆየላቸውም፤ መለሱት። ጀንበር ሳትጠልቅ አረፉ።

አስከሬኑን ቤት ስናደርስ የሚታጠቡበት ውሃ አልነበረም። ልጃቸው ባልዲ አንሥታ ወደ ጉድጓዱ ስትሄድ አንዲት ጎረቤት እጇን ያዘቻት። «በዚህስ እማሆይ አይታጠቡም» አለቻት። ከዚያ የተሰበሰቡት የጎረቤት ሴቶች ወደየቤታቸው ሄደው ያላቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አንዷ በጆግ፣ ሌላዋ በላስቲክ ጠርሙስ። አራስ ያለችባት ሴት ሳይቀር ግማሽ ጀሪካን አቅርባ፣ ዓይኗን ከጀሪካኑ ሳትነቅል ቆመች። ማንም መልሺው ለማለት አልደፈረም። እኔም አልደፈርኩም። ሲያጥቧቸው ራሳቸውን ደግፌ ያዝኩ።

ጎረቤቶች ጉድጓዱን በድንጋይ ሞሉት። ቆይቶ ፓምፑ ተጠገነ፤ ውሃም አልፎ አልፎ መምጣት ጀመረ። ልጃቸው ግቢው አላስቀምጥ ሲላት ጋዝጊብላ ወረዳ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ስትወጣ «አንቺስ አትፈሪም?» ብላ ጠየቀችኝ። እፈራለሁ አልኳት። ዝውውር ጠይቄ አልተፈቀደልኝም፤ እስካሁን የምኖረው እዚያው ቤት ነው።