ሎሚው ያለቀበት ቦታ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሞቱ ሲሉኝ አላመንኩም፤ ዛሬም አላምንም። ሎሚ ግዢልኝ ብለው አትክልት ተራ ልከውኝ ነበር እኮ! ወደ ፒያሳ ስመለስ ግቢያቸው በለቅሶ ተሞልቷል። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቀጥ ብሏል። ሎሚው እጄ ላይ ነው።

ሎሚው ለጊታራቸው ነበር። ጠላት እንደወጣ፣ አገሩ ከሚገባ አንድ ጣሊያን የገዙት ጊታር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሩን ፈትተው፣ እንጨቱን በካርቶን ሸፍነው፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች በሎሚና በተነፋ አመድ አንድ በአንድ ይወለውሉ ነበር። የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከላይ፣ ጣት ብዙ ካረፈባቸው ነው።

«አንድ ቀን እንኳ ከታች ቢጀምሩስ?» ብያቸው ነበር።

«እጅ ሲታጠብ ማን ይቀድማል?»

«ታላቅ።»

«እንግዲያው ብዙ የሠራው ይቅደም!»

በሞቱበት ቀን መሃል ላይ ሲደርሱ ሎሚው አለቀባቸውና ላኩኝ።

ከአርባቸው ማግስት ጊታሩን ከተሰቀለበት አወረድኩት። የላዮቹ ብረቶች ያበራሉ፤ የታችኞቹ ጠቁረዋል። የጀመሩት ሥራ እንዲህ ሜዳ ላይ መቅረቱ አንገበገበኝ። ሎሚ ቆረጥኩ፤ አመድ ነፋሁ፤ እንደሳቸው በካርቶን ሸፍኜ እስከ መጨረሻው ወለወልኩት።

ባለቤታቸው ገቡ። ጣታቸውን ብረቶቹ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬዱ፤ ደግመው አስኬዱ።

«ልጄ፣ እጃቸው የቱ ላይ ነበር የቆመው?» አሉኝ።

 እሳቸው የወለወሏቸውን አልቆጠርኳቸውም ነበር። አሁን ሁሉም እኩል ያበራሉ።